አንዴ ደግሞ እጠቡት

በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ «አንዴ ደግሞ» የሚል አንድ ሰው አለ። እኛ ዘንድ የለም የምትሉ ካላችሁ ሰውየው ምናልባት እናንተው ናችሁ። ቤቱ ተቆልፎ፣ ሰው ሁሉ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ተመልሶ የበሩን እጀታ የሚወዘውዘው እሱ ነው። ያጠባችሁትን ብርጭቆ ወደ መስኮት አንስቶ፣ በብርሃን መርምሮ፣ «ንጹሕ ነው፤ ግን አንዴ ደግሞ ብናለቀልቀው» የሚለው እሱ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለውን መታወቂያ ዳብሶ፣ አግኝቶ፣ እፎይ ብሎ፣ ጥቂት ሳይራመድ መልሶ የሚዳብሰውም እሱው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት አይዘረፍም፣ ምድጃውም እንደተለኮሰ አይረሳም። የትም ግን በሰዓቱ አይደርስም።

እኔ ደግሞ ዕድሌ ሆኖ የዚህን ወገን ንግሥት አለቃ አድርጌ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። በሌሉበት «ክብርት እመቤት አንዴ ደግሞ» እንላቸዋለን። ባሉበት «ዶክተር» ናቸው፤ ድምፃችንም ዝቅ ይላል። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ እጃቸው ሁልጊዜ አልኮል አልኮል የሚሸት ሴት ናቸው። ሊፍት ውስጥ ሲገቡ የበራውን ቁልፍ እንደገና ይጫናሉ። ኢሜይል ከላኩ በኋላ ደርሷል ወይ ብለው ይደውላሉ፤ ደርሷል ከተባሉ በኋላ ደግሞ መልእክቱ ገብቷችኋል ወይ ብለው በእግራቸው ይመጣሉ። የሕንፃው ጥበቃ እሳቸው ከወጡ በኋላ በሩን ቶሎ አይዘጋም። «የላቦራቶሪውን ፍሪጅ በደንብ መዝጋታቸውን ሊያዩ ይመለሳሉ፤ ምን አለፋኝ?» ይላል። ይመለሳሉም።

ጸሐፊያችን ስታገባ ስጦታውን እኔ ነኝ የምጠቀልለው ብለው ድርቅ አሉ። ጠቀለሉት። ጥጉ ተጣሟል ብለው ፈቱት። መልሰው ጠቀለሉት። እንደገና አዩትና ሪባኑን ቀየሩት። ሰርጉ ቤት ስንደርስ ወንበር እየታጠፈ ነበር። «ዋናው መድረሳችን ነው» አሉን፤ ጸሐፊዋ ግን ፎቶው ላይ አለመኖራችንን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችንም።

ብዙ ሳቅንባቸው። ያኔ የሳቅሁበት ነገር ዛሬ ሲታወሰኝ አያስቀኝም።

ሥራችን ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ስሙ ነው እንጂ ነገሩ አይከብድም። ቆዳችን ውስጥ ቀለም የሚሠሩ ሴሎች አሉ። እነሱ ሲበላሹና ያለ ልክ መራባት ሲጀምሩ ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ይመጣል። በበቀለበት ቦታ አርፎ ቢቀመጥ ኖሮ ቆርጦ ጥሎ መገላገል ነበር። ክፋቱ ተነስቶ መሄዱ ነው። ሴል ከጎረቤቱም ሆነ ከተቀመጠበት ወለል ጋር የሚያያዘው ላዩ ላይ ባሉት ፕሮቲኖች ነው፤ እጆቹ በሏቸው። ታዲያ ሴሉ እነዚህን እጆች ከሠራ በኋላ እንዲሁ አይተዋቸውም። እዚህ ጋ ስኳር ያንጠለጥልባቸዋል፣ እዚያ ጋ ፎስፌት ይለጥፍባቸዋል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይከረክማቸዋል። ፕሮቲኑ ያው ፕሮቲን ነው፤ አያያዙ ግን ይለወጣል። የእኛ ላቦራቶሪ ጥያቄ ይህቺው ነበረች፦ አንደኛው እጅ ላይ የተንጠለጠለችው የስኳር ጭራ ስትረዝም፣ የሜላኖማው ሴል አያያዝ ምን ይሆናል?

አሠራሩ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ሴሎቹን ታስቀምጣላችሁ። እስኪረጋጉ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ በጨው ውሃ ታጥባላችሁ። ያልያዘው ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ይዞ የቀረውን በማይክሮስኮፕ ትቆጥራላችሁ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው እጥበቱ ላይ ነው። ሌላ ቤት ያለ ሰው አንድ ሁለቴ አጥቦ ወደ ማይክሮስኮፑ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ግን ውሃውን የምንጨምርበትን ፒፔት ልናስቀምጥ ስንል ከኋላችን ያ ድምፅ ይመጣል።

«አንዴ ደግሞ እጠቡት።»

«ዶክተር፣ ታጥቧል እኮ።»

«መታጠቡንማ አየሁ። አንዴ ደግሞ።»

ይህቺ ትርፍ እጥበት የቤታችን ሕግ ሆነች። አዲስ የሚቀጠር ሰው መጀመሪያ የሚማረው እሷን ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ የት እንደምንሰቅል የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው። ውጤቱም ያምር ነበር። ጭራቸው አጭር የሆነ ሴሎች ሳህኑ ላይ ተዘርግተው ይቀራሉ፤ ጭራቸው የረዘመው ደግሞ ድራሻቸው ይጠፋል። ጉድጓዱ ባዶ ነው። ሁልጊዜ ባዶ። አለቃችን ይህን ባዶነት በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ፊታቸው ይፈታል፤ ንጹሕ ነዋ! «ይለቃል» አሉ፤ «ስኳሩ ሲረዝም እጁ ጨርሶ ይለቃል።» በዚህ ላይ ንግግር አደረጉ፣ አነስ ያሉ ጽሑፎች አወጡ፤ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ለሳይንስ መጽሔት የሚላከውም ትልቁ ጽሑፍ ተዘጋጀ። ተዘጋጀ ማለት በሳቸው አፍ ገና አንዴ ደግሞ ይታያል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ማጠብ ያባባሰው የታላቅ እህታቸው ነገር ነው። እህታቸው ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው። እናት ቶሎ ስለሞቱ አለቃችንን ያሳደጉ፣ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጸጉራቸውን እየሠሩ ትምህርት ቤት የላኩ እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ የእግራቸው መርገጫ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣችባቸው። «ጫማ በልቶኝ ነው» ብለው ዝም አሉ። ሜላኖማ ፀሐይ በማያየው በእግር መርገጫ ላይም እንደሚወጣ ከሰው ሁሉ አስቀድማ የምታውቀው ታናሽ እህት፣ እግራቸውን ያየችው ዘግይታ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቆርጦ አወጣላቸው፤ ከነሥሩ ወጥቷል አለ። ዓመታት አለፉ። ከዚያ ሳል መጣ፤ ሳሉ አልለቅ አለ፤ ሲታይ በሽታው ሳንባቸው ውስጥ ተገኘ።

አስተማሪ ናቸውና አላለቀሱም፤ ጠየቁ። «ከእግሬ ተቆርጦ ወጥቷል ተብዬ ሳንባዬ ድረስ በምን ሄደ? አንቺ የምትሠሪው ይሄንኑ አይደል? እንግዲህ መልሱን አምጪልኝ» አሉ። አለቃችንም ቃል ገቡ። «አንዴ ደግሞ አረጋግጠን መጥቼ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ስልክ መደወል ተጀመረ። አለቃችን ጓንት ስለሚያጠልቁ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፤ ስለዚህ የእህታቸውን ወሬ ሁላችንም እንሰማለን።

«ሚጢ!»

እዚህ ላይ አፋችንን በክንዳችን እንሸፍናለን። ሕንፃው ሙሉ የሚፈራቸውን ሴትዮ ሚጢ!

«አቤት እትዬ።»

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸትሽን ነው። መልሱስ ደረሰ?»

«ሊደርስ ነው እትዬ። አንዴ ደግሞ ካየነው…»

«ኧረ እናንተ ልጆች! ይህን ምስኪን ሴል እያጠባችሁ ቆዳውን ላጣችሁት እኮ!»

እንስቃለን። አለቃችንም ይስቃሉ። ከዚያ ሳቁ በረድ ሲል፣ «ቅዳሜ ብቅ ትያለሽ?» የሚል ቀስ ያለ ጥያቄ ይመጣል።

«ቅዳሜ የሚታይ ሳህን አለኝ እትዬ። በሚቀጥለው።»

«ይሁን ሚጢዬ።»

ይቺ «ይሁን» እየዋለች እያደረች አንጀቴን ትበላው ጀመር። ሳህን መቼም ቢሆን አይጠፋም። ሴሎች ቅዳሜ አያውቁም። አለቃችን ደግሞ ባዶ እጃቸውን መሄድ የሚያፍሩ ሰው ናቸው፤ መልስ ሳይዙ እህታቸው ደጅ መድረስ፣ የቤት ሥራዋን ሳትሠራ ክፍል እንደገባች ተማሪ ያደርጋቸው ነበር። ስለዚህ እየደወሉ፣ እየሳቁ፣ ሳይሄዱ ወራት ነጎዱ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ሳህን እያጠብኩ፣ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው «አንዴ ደግሞ» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ተንጋጋ። አለቃችን ወይ ፍንክች!

«ይታጠብና እንወጣለን» አሉ።

ጥበቃው እያለከለከ መጣ። «ዶክተር፣ ይውጡ እንጂ! እሳት ቢሆንስ?»

«እሳት ቢሆን ሽታው ይመጣ ነበር።»

ሰውየው ይቅርታ እንኳ ሳይል፣ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። እኔም ሳህኑን ባለበት ትቼ ተከተልኩ። ደጅ ላይ ብዙ ቆምን። በኋላ እንደታወቀው ምድር ቤት ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ዳቦ ሲያሞቅ አሳርሮ ነው። ስንመለስ አለቃችን ሳህኑን ከሩቁ አይተው «ይጣል፤ እጥበቱ አላለቀም፣ በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ ቆይቷል» አሉ። ልጥለው ወደ ማጠቢያው ይዤው ስሄድ፣ ማይክሮስኮፑ መንገዴ ላይ ነበርና እግረ መንገዴን አየሁት።

ባዶ መሆን የነበረበት ጉድጓድ ሞልቷል።

ክው አልኩ። ሴሎቹ እንደሌሎቹ ተዘርግተው አይደለም የተቀመጡት። ክብ ክብ ብለው፣ በአንድ ጎናቸው ብቻ ወለሉን ነካ አድርገው ይዘዋል። ሳህኑን በጣቴ መታ ሳደርገው ይወዛወዛሉ። ግን አይሄዱም።

«ዶክተር፣ ይምጡና ይዩ።»

መጡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ደም አልነበረም።

«ውሃ ውስጥ ስለቆየ ይሆናል» አሉ።

«ይሆናል» አልኩ። ሁለታችንም አላመንንም።

በማግስቱ በአዲስ ሳህን ሞከርነው። ትርፍ እጥበቷን አስቀርተን፣ ውሃውንም በጉድጓዱ ጠርዝ በኩል ቀስ አድርገን አንጠባጠብን። ሴሎቹ አሉ። መልሰን በሌላ ሳህን ሞከርን። አሉ። ትርፍ እጥበቷን ስንጨምር ደግሞ የሉም። እንግዲህ ጭራው ሲረዝም እጁ የሚለቅ አይደለም። ላላ አድርጎ ይይዛል፤ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያለ ይራመዳል፣ የሚመቸው ቦታ ሲደርስም መልሶ ይይዛል። ጨርሶ የለቀቀ ሴል ብዙውን ጊዜ ተንሳፍፎ ይሞታል። ሩቅ አገር የሚደርሰው ይሄኛው ነው። እኛ ደግሞ ይህን ሴል በየቀኑ አጥበን፣ በረኪና ጨምረን፣ ወደ ቧንቧ ስንልከው ኖረናል። መልሱ ሳህናችን ላይ ነበር።

  ከባልደረቦቼ አንዱ አለቃችንን ሊያጽናና ብሎ «ሁላችንም ነን ያጠብነው ዶክተር» አለ።

«አይደለም» አሉ። «እናንተ ይበቃል ብላችሁኛል። ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ሊላክ የነበረው ጽሑፍ በዚያው ቀረ። ስለ ጽሑፉ ግድ አልነበረኝም፤ እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት የእህታቸው ጎረቤት ደውላ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል መግባታቸውን ነገረችን።

«ዶክተር፣ ዛሬውኑ ይሂዱ» አልኳቸው። «አሁን የሚነግሯቸው አለዎት።»

«ትናንት ሌላ ነገር ነበር የምነግራት። ዛሬ ይህን ነግሬያት ነገ ደግሞ ቢፈርስ? ለታመመ ሰው ያልተረጋገጠ ነገር አይነገርም። አንዴ ደግሞ እንየው።»

ተናደድኩ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ክፉ መልስ እንዳልሰጣቸው ጥርሴን ነክሼ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ከሌላ ሰው የተወሰደ ሴል አስመጡ፤ በሱ አየነው። ጭራዋን በኤንዛይም ቆርጠን አየነው፤ ሴሉ ጥብቅ ብሎ ተቀመጠ። በየቀኑ ጠዋት ሆስፒታል ይደውላሉ፤ በየቀኑ ጠዋት «ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል» ይባላሉ። ቅዳሜዎቹ በላያችን ላይ አለፉ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ጋዋናቸውን አወለቁና «መኪናህን ይዘሃል?» አሉኝ።

እህታቸው መስኮት ሥር ባለ አልጋ ላይ ነበሩ። በስልክ ያን ያህል ያሳቁን ሴት እንዲህ አንሰዋል ብዬ አላሰብኩም። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ፤ ዓይናቸው ግን ያው የአስተማሪ ዓይን ነው። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«የሚያጥበው ልጅ ይሄ ነው?»

«አዎ እትዬ» አሉ አለቃችን።

«እጅህ አልተላጠም?»

«ተርፏል» አልኳቸው።

አለቃችን ወንበሩን ስበው ተቀመጡና ጀመሩ። ሁሉን ነገሯቸው። ስኳሩን፣ እጁን፣ እጥበቱን፣ ደወሉን፣ ዳቦውን ሳይቀር። ሁለት መዳፋቸውን አንዱን በሌላው ላይ አድርገው ጥብቅ ያለውን አያያዝ አሳዩአቸው፤ ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነካ እያደረጉ ላላ ያለውን አሳዩአቸው። «ለቆ ነው የሚሄደው ልልሽ ነበር እትዬ። ተሳስቻለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ተሳስቻለሁ» አሉ።

እህታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አንቀላፍተዋል ብዬ ነበር።

«ገባኝ» አሉ በኋላ። «ለቆ አይደለም የሄደው። እየያዘ ነው የሄደው።»

«አዎ እትዬ።»

«ጎበዝ። በደንብ አስረዳሽኝ።» ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ከአንሶላው አወጡና የእህታቸው ጉልበት ላይ አሳረፉ። «ሚጢ። እኔ ይሄን ሁሉ ስጠይቅሽ መልሱ ቸግሮኝ መሰለሽ? አሁን መልሱን ይዤ ምን ላደርገው ነው? እንድትመጪልኝ ብዬ ነው እኮ።»

አለቃችን አንገታቸውን ደፉ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ምን እንዳየሁ አላስታውስም። «ዛሬ እዚሁ ነኝ። ነገም እዚሁ ነኝ» ሲሉ ግን ሰማሁ። እውነትም አልተነሱም። ላቦራቶሪ ደውለው ስለ አንዲት ሳህን እንኳ አልጠየቁንም። ግን ቅዳሜ ሳይደርስ እህታቸው አረፉ።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጽሑፉ እርማቱን ይዞ ወጣ፤ ስሕተቱንም በገዛ እጃቸው ጻፉት። አዲሱ አለቃችን ፈጣን ሰው ነው፤ «ይበቃል፣ ቀጥሉ» ይላል፣ እኛም በሰዓቱ ወደ ቤታችን እንገባለን። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር።

በቅርቡ ትንሿ ልጄ ሳል ያዛት። እንዴት እንደሰሙ አላውቅም፤ ክብርት እመቤት ደወሉ። ከሰዓት በኋላ ደግመው ደወሉ። በማግስቱ ብርቱካን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ግንባሯን ዳሰሱ፣ ጀርባዋን ሰሙ፣ ሐኪሙ የጻፈውን መድኃኒት አነበቡ። በነጋታውም መጡ። ከዚያም በኋላ መጡ። ሚስቴ ከኋላዬ ሆና «እኚህ ሴትዮ ግን ሰው አያምኑም?» ትለኛለች።

ዛሬም ደውለዋል። «ሳሉ እንዴት አደረ?» አሉኝ።

ልጄ ከዳነች ሰንብታለች፤ ይህን ስልክ ሳነሳ እንኳ ደጅ ላይ ኳስ እያሳደደች ነበር።

«ያው ነው ዶክተር» አልኳቸው። «ብቅ ብለው ቢያዩልን።»